ከጡት ማስጣል በኋላ የሚመጣው የአሳማ ግልገሎች ተቅማጥ፦ በመርፌ የሚሰጥ የኤፍ4 ክትባት ዕቅዴ የት ላይ ይበላሻል?

ሰላም_ላብ

ጤና ይስጥልኝ ለዚህ ቤት። ለማስተርስ ጥናቴ የአሳማ ኢ. ኮላይ ክትባት ልሠራ ነው፤ ቦታው አውሮፓ ነው። ዕቅዱ ወደ እንስሳት ሙከራ ኮሚቴ ከመግባቱ በፊት ግድፈቱን እንድታወጡልኝ እለምናለሁ። አማካሪዎቼ በዲኤንኤው የተካኑ ናቸው፤ የአሳማውን ነገር ግን ለእኔ ትተውታል።

ዒላማዬ ከጡት ማስጣል በኋላ የሚመጣው ተቅማጥ ነው። አምጪው ኤፍ4 ፊምብሪያ (አንጀት ላይ የሚለጠፍበት ፀጉር መሰል አካል) ያለው ኢ. ኮላይ፣ በድሮ ስሙ ኬ88። የአውሮፓ ኅብረት በመኖ ውስጥ ለመድኃኒትነት ይገባ የነበረውን ዚንክ ኦክሳይድ እ.ኤ.አ. ከጁን 2022 ጀምሮ ስለከለከለ ክትባት የሚጠይቀው አርቢ በዝቷል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ኤልቲና ኤስቲቢ መርዞችን የሚያመነጭ የኦ149 ኤፍ4ኤሲ ዘር በትሪፕቲክ ሶይ ሾርባ በ37 ዲግሪ ያድራል። በ65 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይገደላል፤ በሴንትሪፊውጅ እየወረደ ሦስት ጊዜ በፒቢኤስ ይታጠባል፤ በሚሊ ሊትር 10⁹ ሕዋስ ሆኖ ከአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ይቀላቀላል። ግልገሎቹ በተወለዱ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን 1 ሚሊ ሊትር በአንገት ጡንቻ ይወጋሉ። ጡት የሚጥሉትም በ28ኛው ቀን ነው። በ35ኛው ቀን ያንኑ ዘር በሕይወቱ፣ 10⁹ ያህል፣ በአፍ እሰጣቸዋለሁ። 8 የተከተቡ፣ 8 ያልተከተቡ፤ ሁሉም ከአንድ እርሻ፣ ከሁለት እናቶች። እርሻው እናቶቹን ከወሊድ በፊት በገበያ ባለው የኢ. ኮላይ ክትባት ይከትባል፤ ይህ ለሙከራዬ ጥሩ ነገር መስሎኛል። የምለካው የሴረም ኢጂጂ (በደም ውስጥ ያለው ዋናው አንቲቦዲ) በኢላይዛ (አንቲቦዲ በሚለካ ምርመራ)፣ ከዚያም የተቅማጥ ነጥብ ነው።

ሳትራሩልኝ ንገሩኝ።

የመንጋ_ሐኪም

እህቴ፣ ካልሽስ ሳልራራ ልጀምር። መርፌሽ ደም ውስጥ ይሠራል፤ በሽታው ያለው አንጀት ውስጥ ነው።

ይህ ኢ. ኮላይ ወደ ደም አይገባም። በፊምብሪያው የቀጭኑን አንጀት ግድግዳ ይዞ ይለጠፋል፣ እዚያው ይራባል፣ መርዙን እዚያው ይለቃል። መርዙ የገባበት ሕዋስ ጨውና ውኃውን ወደ አንጀቱ ክፍተት ያፈሳል፤ ግልገሉን የሚገድለው የውኃው ማለቅ ነው። ባክቴሪያው ግድግዳውን መሻገር አያስፈልገውም። ስለዚህ የምትፈልጊው በአንጀቱ ልስልስ ሽፋን ላይ የሚፈስ፣ ፊምብሪያው ሳይለጠፍ የሚቀድመው ኢጂኤ (የልስልስ ሽፋን አንቲቦዲ) ነው። በጡንቻ የተሰጠ የሞተ ክትባት ደግሞ በዋናነት የደም ኢጂጂ ያበዛል። አገር ቤት አባ ሰንጋና አባ ጎርባ በመርፌ ሲገቱ ያየ ሰው ሁሉ በሽታ በመርፌ የሚገታ ይመስለዋል፤ እነዚያ ግን ጉዳታቸውን የሚያደርሱት በደምና በጡንቻ ውስጥ ስለሆነ ኢጂጂው እዚያው ያገኛቸዋል።

ጉዳዩ «አይጠቅምም» ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት በመርፌ የኤፍ4 ክትባት የተሰጣቸው አይጦችና ግልገሎች ኋላ በአፍ ሲያዙ አንጀታቸው ሊሰጥ የሚገባው ፀረ ኤፍ4 ምላሽ ታፍኖ እንደሚገኝ አሳይቷል። ኮሚቴው ውስጥ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ካለ የመጀመሪያው ጥያቄው ይኸው ነው።

«ታዲያ የእናቶቹ ክትባት በመርፌ ሆኖ እንዴት ይሠራል?» ትዪኝ ይሆናል። የእናቲቱ የደም አንቲቦዲ ወደ እንገሩ ይሻገራል፣ ግልገሉም በአፉ ይጠጣዋል። የአሳማ እንግዴ ልጅ አንቲቦዲ አያሳልፍም፤ ግልገሉ ባዶውን ይወለዳል፤ ወደ ደሙ የሚያስገባው በመጀመሪያው አንድ ቀን ገደማ ከእንገሩ የቀዳውን ነው። ከዚያ በኋላ ወተቱ ውስጥ ያለው ኢጂኤ በየጡቱ ጊዜ አንጀቱን እየቀባ ይጠብቀዋል። ጡት የጣለ ዕለት ቅቡ ይቋረጣል። በሽታው ከ3 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚከሰተው ለዚህ ነው፤ የመኖው መለወጥ፣ የማያውቁት ጎረቤትና ብርዱ ተጨምሮ።

ስለዚህ የእናቶቹ መከተብ ለእርሻው ጥሩ ነው፣ ለሙከራሽ ግን አይደለም። ጡት እየጠቡ የምትሰጪው ማንኛውም ኤፍ4፣ በተለይ በአፍ ከሆነ፣ የእናት አንቲቦዲ ያገኘዋል። ያልተከተቡና በኤፍ4 ኢላይዛ ነጻ የሆኑ እናቶች ያሉበት እርሻ ፈልጊ። እናቶቹን ቀድመሽ አስመርምሪ፤ የእርሻ መዝገብ ብቻ አይበቃም።

የቀን አቆጣጠርሽም ራሱን ይጥላል። ሁለተኛው መርፌ በ28ኛው ቀን ከሆነ ምላሹ የሚበስለው በ35ኛውና ከዚያ በኋላ ነው። በእውነተኛ እርሻ በዚያን ጊዜ ግልገሉ ታሞ ድኗል ወይ ተቀብሯል። ክትባቱ በጡት መጣያው ቀን ሥራ ላይ መገኘት አለበት። የአውሮፓ ሕግ መደበኛውን የጡት መጣያ 28 ቀን አድርጎ ወደ ልዩ ንጹሕ ቤት ለሚገቡት እስከ አንድ ሳምንት ቀደም እንዲል ይፈቅዳል፤ 21ኛውንም ቀን አስቢው።

አጋር_ሳህን

የመንጋ ሐኪም ስለ መንገዱ ተናግሯል፤ እኔ ስለ ጠርሙሱ ልናገር። ዕቅድሽ ላይ በተጻፈው ክትባት ውስጥ ኤፍ4 የለም ማለት ይቻላል።

የኤፍ4 ፊምብሪያ በ60 ዲግሪ አካባቢ ከሕዋሱ ላይ ይረግፋል። እንዲያውም ፊምብሪያ ለማውጣት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ማሞቅ ነው። አንቺ በ65 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ታሞቂያለሽ፣ በሴንትሪፊውጅ ታወርጂያለሽ፣ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ትደፊያለሽ፤ ይህንም ሦስት ጊዜ። የደፋሽው ፈሳሽ ነው ክትባቱ። ዝቃጩ ላይ የቀረው ኤልፒኤስ (የኦ149 ምልክት ያለበት የባክቴሪያው የውጭ ሽፋን) የለበሰ መላጣ ሕዋስ ነው፤ ግልገሉን ያተኩሳል፣ የኦ149 አንቲቦዲ ያወጣል፣ አበቃ።

ከዚያ የባሰው ደግሞ ኢላይዛሽ ሳህኑን በሙሉ ባክቴሪያ ከቀባ ከፍተኛ ቁጥር ይሰጥሻል፤ ምክንያቱም የኦ149 አንቲቦዲ ያነባል። ክትባቱ «ሠርቷል» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ሳህኑ መቀባት ያለበት በተጣራ ኤፍ4 ብቻ ነው።

ሙሉ ሕዋሱን ከነፊምብሪያው ለማቆየት ከፈለግሽ ፎርማሊን ይሻላል፤ ከ0.2 እስከ 0.5 በመቶ፣ በ37 ዲግሪ ቀስ እያለ እየተናጠ ያድራል። መሞቱን በደም አጋርም በሾርባም አረጋግጪ፤ ሾርባው በናሙናው ውስጥ ያለውን ፎርማሊን እንዲያቀጥነው በዛ ያለ ይሁን፣ አለበለዚያ ያልሞተው ባክቴሪያ በቀረው ፎርማሊን ታፍኖ የሞተ ይመስላል። የአውሮፓ ፋርማኮፒያ ለእንስሳት ክትባት የሚፈቅደው ነጻ ፎርማልዴሃይድ በሊትር እስከ 0.5 ግራም ነው። ፎርማልዴሃይድ ላይሲን ያለበትን ቦታ ሁሉ ስለሚይዝ ፌጂ (የፊምብሪያው ዋና ፕሮቲን፣ የሚለጠፈውም ራሱ) አሁንም በሞኖክሎናል አንቲቦዲ መታወቁን ከመግደሉ በፊትና በኋላ አወዳድሪ።

የተጣራ ኤፍ4 ከሆነ ደግሞ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ዘሩን ሁልጊዜ ከፍሪዘር ክምችት ጀምሪ፤ ጂኑ በፕላዝሚድ ላይ ስለሆነ ሳህን በሳህን ሲገላበጥ የከረመ ዘር ፊምብሪያውን ጥሎ ሊገኝ ይችላል። በ37 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት አብቅዪ። በ18 እና በ20 ዲግሪ ኤፍ4 አይወጣም፤ ስለዚህ አንድ ጠርሙስ በ18 ዲግሪ አብቅለሽ እንደ ባዶ ማነጻጸሪያ ተጠቀሚበት። ከመሰብሰብሽ በፊት ጠብታ ወስደሽ በፀረ ኤፍ4 ሴረም በስላይድ ላይ መጓጎሉን እዪ፤ ካልጓጎለ አትድከሚ፣ ድፊው።

ዝቃጩን በፒቢኤስ አሟሚ፣ በረዶ ላይ አድርገሽ በአልትራ ቱራክስ ዓይነት መፍጫ በአጭር በአጭሩ ምቺ፤ ያለማቋረጥ ከሠራ ይሞቃል፣ ሕዋሱም ይፈነዳል። በ10,000 ጂ አውርጂ። አሁን የምትይዢው ከላይ ያለውን ፈሳሽ ነው። በ0.45 ማይክሮሜትር አጣሪ፣ አሞኒየም ሰልፌት እስከ 40 በመቶ ሙሌት ጨምሪ፣ በ4 ዲግሪ ያድር፣ ዝቃጩን ሰብስበሽ በዳያሊሲስ ጨዉን አስወጪ። ጄል ላይ ወደ 27 ኪሎዳልተን አካባቢ አንድ ደማቅ መስመር ይጠበቃል።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የምትመቺው መፍጫ ፊምብሪያን ብቻ አያራግፍም፤ ፍላጀላም አብሮ ይወርዳል። ከ50 ኪሎዳልተን በላይ መስመር ካየሽ ፍላጀሊን ነው፤ እሱ ራሱ በቲኤልአር5 በኩል የመከላከያ ሥርዓቱን ስለሚቀሰቅስ ውጤትሽን ያደናግራል። ታይፕ 1 ፊምብሪያ ደግሞ በተለመደው የኤስዲኤስ ማፍላት አይፈታም፤ ጄሉ አናት ላይ ተቆልሎ ይቀራልና «ንጹሕ ነው» ትያለሽ። ናሙናውን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ ፒኤች 2 ግድም አውርደሽ ብታፈዪው በ17 ኪሎዳልተን አካባቢ ብቅ ይላል። ይህን ሳያደርግ ንጽሕና የሚያውጅ ብዙ ነው።

ቁጥር_ወዳድ

ሁለታችሁም ስለ ክትባቱ አወራችሁ። እኔ ያስጨነቀኝ ያልተከተቡት 8 ግልገሎች ናቸው። ከእነሱ ስንቱ ሊታመም ይችላል?

ለኤፍ4 ተቀባይ የሌለው አሳማ አይታመምም። ባክቴሪያው የሚይዘው ነገር ስለሌለ ያልፋል። ባሕርዩ የሚወረስ ነው፤ ተጋላጭነት ገዢ፣ አለመቀበል ተገዢ። በተለምዶ የሚሠራበት ምልክት ሙክ4 በተባለው ጂን ውስጥ ያለ አንድ የፊደል ለውጥ ነው፤ ፒሲአር ሠርቶ ውጤቱን በኤክስባ1 ኤንዛይም መቁረጥ ይበቃል። የጆሮ ቁራጭ ወይም ትንሽ ደም ወስደሽ ግልገሎቹ ሳይመረጡ በፊት ሥሪው።

የሚያስከፍለውን ላስላልሽ። የክትባቱ ውጤታማነት 50 በመቶ ነው እንበል። ሁሉም ተጋላጭ ሆነው ካልተከተቡት 90 በመቶው ቢታመሙ፣ ከተከተቡት 45 በመቶው ይታመማሉ። ይህን ልዩነት በ80 በመቶ ዕድል ለማየት፣ በ5 በመቶ የስህተት ወሰን፣ በቡድን 13 ግልገል ያህል ይበቃል፤ ለትናንሽ ቁጥሮች ሲስተካከል 17 ገደማ። አሁን ከመንጋው ግማሹ ተቀባይ የሌለው ይሁን። 90ው 45፣ 45ቱ 22.5 ይሆናል፤ በቡድን የሚያስፈልገው ደግሞ ወደ 65 ያድጋል። ክትባቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የግልገሉ ዘር ብቻ። ስምንት በስምንት ይዘሽ ሳትመረምሪ ከገባሽ፣ ሦስት ታማሚ በሁለት ታማሚ አይነት ውጤት ይዘሽ ትወጫለሽ፤ ማንም ምንም ሊልበት አይችልም።

ስምንት በቡድን የሚሠራበት መንገድ አለ፤ ዋናውን መለኪያ «ታመመ ወይም አልታመመ» ከማድረግ በዓይነ ምድር የሚወጣው ባክቴሪያ ብዛት (በግራም፣ በሎግ) ብታደርጊው። በቡድኖቹ መካከል 1.5 ሎግ ልዩነት ብትጠብቂና የግለሰቦቹ መራራቅ 1 ሎግ ቢሆን 7 ወይም 8 በቡድን ይበቃል። ለመቁጠር እንዲመች ለቻሌንጁ (በ35ኛው ቀን በአፍ ለምትሰጪው ሕያው ባክቴሪያ) ስትሬፕቶማይሲን የሚቋቋም ዘር ውሰጂ፤ ሳህኑ ላይ ስትሬፕቶማይሲን ስትጨምሪ የግልገሉ የራሱ ኢ. ኮላይ አይረብሽሽም። ሳህኑ ላይ የበቀለውን ቅኝ (የባክቴሪያ ክምር) ግን በየጊዜው በፀረ ኤፍ4 ሴረም እየነካካሽ አረጋግጪ።

የጂኑ ምልክት ሁልጊዜ አይታመንም፤ ተጋላጭ ተብሎ ባክቴሪያው የማይለጠፍበት ይገኛል። ስለዚህ በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ግልገል ከጄጁነሙ (ከቀጭኑ አንጀት መካከለኛ ክፍል) ቪለስ (ጣት መሰሉን የአንጀት እጥፋት) ወስደሽ፣ ከባክቴሪያው ጋር ለአንድ ሰዓት በክፍል ሙቀት አቆይተሽ፣ በማይክሮስኮፕ በ250 ማይክሮሜትር ርዝመት ላይ የተለጠፉትን ቁጠሪ። ከ5 በታች ከሆነ ተቀባይ የለውም። ፈሳሹ ውስጥ 1 በመቶ ዲ-ማኖስ መኖሩን አትርሺ፤ ያለ እሱ ታይፕ 1 ፊምብሪያው ይለጠፍና ሁሉም ተጋላጭ ይመስላል።

ሁለቱን እናቶች በተመለከተ፦ የአንዷን ልጆች ሁሉ ክትባት፣ የሌላዋን ሁሉ ማነጻጸሪያ ብታደርጊ የምታወዳድሪው ክትባትን ሳይሆን እናቶችን ነው። ከ5 ወይም 6 እናቶች ውሰጂ፣ በእያንዳንዷ ልጆች መካከል በዕጣ ክፈይ።

ሰላም_ላብ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ65 ዲግሪውን ነገር ሳነብ ደነገጥኩ፤ ያለፈው ዓመት የተጻፈ የቤተ ሙከራችን መመሪያ ላይ እንዲሁ ነው ያለው።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ወደ አፍ ከዞርኩ የተጣራ ኤፍ4 ልስጥ ወይስ ሕያው ዘር? ሁለተኛ፣ አጠገቤ ያለ ቡድን ኤስቲኤክስ2ኢ በተባለው መርዝ ላይ የመርፌ ክትባት ይሠራል፣ ጥሩ ውጤትም ይዘዋል። ያም የአሳማ ኢ. ኮላይ ነው። ለእነሱ ሠርቶ ለእኔ የማይሠራው ለምንድን ነው?

የመንጋ_ሐኪም

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ፣ አጭር ነውና። የእነሱ የእብጠት በሽታ ነው። እዚያ ኤፍ18 ያለው ኢ. ኮላይ አንጀት ላይ ይለጠፋል፣ መርዙ ኤስቲኤክስ2ኢ ግን ወደ ደም ገብቶ የትናንሽ የደም ሥሮችን ግድግዳ ያበላሻል። የዐይን ቆብ ያብጣል፣ የጨጓራ ግድግዳ ውኃ ይቋጥራል፣ ግልገሉ ይንገዳገዳል፣ በደንብ የወፈረው ጠዋት ሞቶ ይገኛል። ገዳዩ ደም ውስጥ ስላለ የደም ኢጂጂ ይይዘዋል። ለዚህ ነው መርዙን በጂን ለውጥ አምክኖ 1 ሚሊ ሊትር አንዴ መውጋት የሚሠራው። ኢኮፖርክ ሺጋ በአውሮፓ በ2013 ተፈቅዷል፣ ከተወለዱ ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ይሰጣል፤ ቬፑርድ በ2017 መጣ፣ ከ2ኛው ቀን ጀምሮ። ሁለቱም መከላከል የሚጀምሩት ከተሰጡ በ21 ቀን ነው፣ ለ28ኛው ቀን ይደርሳሉ።

ልብ በይ፣ እነዚህ ክትባቶች ባክቴሪያው አንጀት ላይ እንዳይለጠፍ አያደርጉም፣ የተለመደውን ተቅማጥም አይከለክሉም። ጎረቤቶችሽ የሚለኩት ሞትና እብጠት ነው፤ የአንቺ መለኪያ ቢሰጣቸው እነሱም ይወድቃሉ። ለኤፍ18ም የዘር ነገር አለ፤ ፉት1 በተባለው ጂን በ307ኛው ቦታ ሁለቱም ኤ የሆኑ አሳማዎች ኤፍ18 አይይዛቸውም።

ያንቺን መርዝ ብትከትቢስ? ኤልቲ ትልቅ ፕሮቲን ነው፣ አንቲቦዲ ያወጣል። ኤስቲቢ ግን 48 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ ለብቻው የመከላከያ ሥርዓቱ አያየውም፤ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ካሰርሽው ደግሞ መርዝነቱ መጥፋቱን በተናጠል ማረጋገጥ አለብሽ።

ቀዝቃዛ_ሰንሰለት

የመጀመሪያውን እኔ ልውሰድ። ከዚያ በፊት ግን የመንጋ ሐኪምን ጥቂት ላርመው። መርፌ ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። አንጀቱ አስቀድሞ ኤፍ4ን ያወቀ ከሆነ፣ በመርፌ መድገሙ የአንጀቱን ምላሽ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የሚጎዳው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው፦ ምንም ያላየ ግልገል ላይ መጀመሪያ መርፌ። ሰላም ግን የምትከትበው የሁለት ሳምንት ግልገል ነው፣ ስለዚህ ለእሷ ድምዳሜው አይለወጥም።

የተጣራ ኤፍ4 በአፍ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ብዙ የሠሩበት ነው። በ1999 ያሳተሙት እንደሚያሳየው ተቀባይ ያላቸው ግልገሎች በአፍ የተሰጣቸውን ፊምብሪያ ተቀብለው ይከላከላሉ፤ ተቀባይ የሌላቸው ምላሽ አይሰጡም። ፊምብሪያው አንጀቱን የሚይዝበት መያዣ ነው ክትባቱንም ወደ ውስጥ የሚያስገባው። አብዛኛው ፕሮቲን በአፍ ሲሰጥ እንደ ምግብ ይታለፋል፤ ኤፍ4 ለየት የሚለው በዚህ ነው። መጠኑ በተለምዶ 1 ሚሊግራም ለሦስት ተከታታይ ቀናት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ነው። ለማስተርስ የሚመከር ይህ ነው፦ ሕያው ነገር ስለሌለ የፈቃዱ ወረቀት ይቀላል፣ ጥያቄውም ንጹሕ ነው። ችግሩ ከጨጓራ ነው። አሲዱን በቢካርቦኔት ካላበረድሽው ግማሹን ጨጓራው ይበላዋል፤ ለእርሻ ደግሞ እያንዳንዱን ግልገል አራት ጊዜ ይዞ ማጠጣት የሚሆን አይደለም። የተጣራውን በስምንት ግልገል ማሳየት ይቻላል፣ በስምንት ሺህ ግን አይሸጥም።

ገበያ ላይ ያለው የሕያው መንገድ ነው። ኮሊፕሮቴክ ኤፍ4/ኤፍ18 (በአውሮፓ በ2017 የተፈቀደ) ፊምብሪያውን ይዘው ተቅማጥ የማያመጡ ሁለት ዘሮች አሉት፤ ከ18ኛው ቀን ጀምሮ አንዴ በአፍ ይሰጣል፣ በ7 ቀን መከላከል ይጀምራል፣ ለ21 ቀን ይቆያል። 18 ሲደመር 7፣ 25። የጡት መጣያው ሳይደርስ ማለት ነው። ሕያው ዘር አንጀት ላይ ተለጥፎ ስለሚራባ ትንሽ ተሰጥቶ ብዙ ይሆናል።

በሕያው ዘር የሚወድቀው ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በውኃ ነው። ክሎሪን ያለው ውኃ ዘሩን ይገድላል፤ መኖ ውስጥ ወይም መጠጥ ውስጥ የሚጨመር አሲድም እንዲሁ። ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት አስቀድመሽ በውኃው ውስጥ ፍቺ፣ ክሎሪኑን ይይዛል፤ ከዚያ ዘሩን ጨምሪ። ግልገሎቹን ለአንድ ሁለት ሰዓት ከውኃ አቆይተሽ ስጪ፣ ቶሎ እንዲጨርሱት። ከገንዳው ሥር ሲያልቅ ናሙና ወስደሽ ሕያው ቁጥሩን ቁጠሪ፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግልገሉ የጠጣው አይደለም። አንቲባዮቲክ ከ3 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 3 ቀን በኋላ አይነካቸው። እርሻዎች ጡት ሲያስጥሉ ኮሊስቲን በውኃ የመልቀቅ ልማድ ስላላቸው ይህን በጽሑፍ አስፈርሚ።

አሁን ቻሌንጁ። 10⁹ ያለ ምንም ዝግጅት ብትሰጪ ጨጓራው አብዛኛውን ይፈጃል። መጀመሪያ 60 ሚሊ ሊትር ያህል 1.4 በመቶ ሶዲየም ቢካርቦኔት በጨጓራ ቱቦ፣ ከዚያ 10¹⁰ ባክቴሪያ በ10 ሚሊ ሊትር። ባክቴሪያው ኤፍ4 ይዞ መገኘቱን በዚያው ጠዋት በስላይድ አረጋግጪ። ከዚያ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ እያቸው፤ የተኮማተረ ቆዳ፣ የሰጠመ ዐይን፣ የወረደ የሰውነት ሙቀት (ጤነኛው 39 ዲግሪ እና ትንሽ ነው) ካየሽ ያን ግልገል ከሙከራው የምታወጪበትን ነጥብ አስቀድመሽ ጻፊ። ኮሚቴው ይህን ሳያይ አይፈርምም፤ ሲፈጥንም በአንድ ቀን ይሞታሉ።

ለመለኪያው፦ የሴረም ኢጂኤ ጨምሪ፤ በአሳማ ደም ውስጥ ያለው ኢጂኤ በአብዛኛው ከአንጀት የሚመጣ ስለሆነ ከኢጂጂው ይልቅ አንጀቱ ስለሚያደርገው ይነግርሻል። የዓይነ ምድር ኢጂኤ ከወሰድሽ ፕሮቲዬዝ የሚያግድ ድብልቅ ወዲያው ጨምረሽ በበረዶ አኑሪ፤ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ናሙና ዜሮ ያነባል።

ሰላም_ላብ

የተጣራውን በአፍ መርጫለሁ፤ እናቶቹ ያልተከተቡ፣ ግልገሎቹ በሙክ4 የተመረጡ፣ ዋናው መለኪያ በግራም የሚወጣው ባክቴሪያ። ሕያው ዘሩን እንደ ሦስተኛ ቡድን ልጨምረው አስቤ ነበር፣ ግን ያለኝ አንድ ክፍል ብቻ ነው። በአጥር ብከፍለውስ?

ቀዝቃዛ_ሰንሰለት

አይሆንም። ሕያው ዘሩን የወሰዱት ለቀናት በዓይነ ምድራቸው ያወጡታል፣ በአጥሩ ሥር በሚፈሰው ሽንትና በጫማሽ ወደ ማነጻጸሪያው ይሻገራል፤ ሳታውቂው ያልተከተቡትን ትከትቢያለሽ። ሦስተኛውን ቡድን ተይው፤ ወይም የተለየ ክፍል፣ የተለየ ጫማ፣ የተለየ መጥረጊያ እስኪገኝ አቆዪው። በአንዱ ክፍልም ቢሆን ሁልጊዜ ከማነጻጸሪያው ጀምረሽ ወደ ተከተቡት ሂጂ፤ ቻሌንጅ ከተደረገ በኋላ ወደ ኋላ አትመለሺ። በየቀኑ ከማነጻጸሪያው ዓይነ ምድር ጥቂት ስትሬፕቶማይሲን ባለው ሳህን ላይ አስምሪ፤ ከቻሌንጁ በፊት አንድም ቅኝ ከበቀለ ሙከራውን አቁሚና ከየት እንደመጣ ፈልጊ።

አጋር_ሳህን

የቤተ ሙከራችሁን መመሪያ ላይ ያለውን የማሞቂያ መስመር ግን ዛሬውኑ አስለውጪ፤ ቀጣዩ ተማሪ ሳይደርስበት።